ቲ.አይ. ለብቻውና ከእንግዶቹ ጋር፦ «ትራፕ ሙዚክ» ወይስ «ኧርባን ሌጀንድ»?

የአትላንታው ራፐር ቲ.አይ. «ትራፕ ሙዚክ» የተሰኘ አልበሙን በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ካወጣ ከ15 ወራት በኋላ በ«ኧርባን ሌጀንድ» ሲመለስ፣ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው ለውጥ የእንግዶቹ ብዛት ነው። በፊተኛው አልበም ተጋባዦቹ ጥቂት ነበሩ፤ የሜምፊሶቹ ኤይትቦልና ኤምጄጂ ከቴክሳሱ በን ቢ ጋር «ቤዝል» በተባለው ዘፈን ላይ ሲሰለፉ፣ የደቡብ አንጋፋዎች ታናሻቸውን የሚመርቁ ይመስላል።

የዚያ አልበም ጉልበት ግን ራፐሩ ከራሱ ጋር በገጠመው ሙግት ላይ ነው። «ቲ.አይ. ቨርሰስ ቲ.አይ.ፒ.» ውስጥ አስተዋዩ የሙዚቃ ሰውና ግልፍተኛው የሰፈር ልጅ በአንድ ሰው አንደበት ይከራከራሉ፤ ካንዬ ዌስት ባቀናበረው «ዱዊን ማይ ጆብ» ደግሞ ጎዳና ላይ የቆመው ዕፅ ሻጭ፣ በጥላቻ ለሚመለከቱት ጎረቤቶቹ ራሱን ለማስረዳት ይሞክራል።

«ኧርባን ሌጀንድ» ኔሊን፣ ሊል ኪምን፣ ፋሬልንና ሊል ዌይንን ይዞ ለሰፊ አድማጭ የተዘጋጀ ነው። ትሪክ ዳዲ፣ ሊል ጆንና ሊል ዌይን በተሰባሰቡበት «ስታንድ አፕ» ሞቅታው አይካድም፤ ባለቤቱ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሚገርመው፣ በአሜሪካው ቢልቦርድ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ 9ኛ የደረሰው «ብሪንግ ኤም አውት» ተጋባዥ የሌለበት ሥራ መሆኑ ነው፤ አቀናባሪው ስዊዝ ቢትዝ አዝማቹን የሠራው ከራፐሩ ጄይ ዚ የቀድሞ ቀረጻ በተቆረጠ ድምፅ ነው። ዲጄ ቱምፕ ያቀናበረው «ዩ ዶንት ኖው ሚ»ም ያለ እንግዳ የቆመ ነውና፣ ለጭፈራ «ኧርባን ሌጀንድ»ን፣ ሰውየውን ለማወቅ ግን ያለ ማመንታት «ትራፕ ሙዚክ»ን እመርጣለሁ።