32 ሰከንድ የቆጠረልን ልጅ፦ ምስጋና ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ

ትናንት ማታ እማዬ ቶሮንቶ ካለችው እህቴ ጋር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አወራች። ጓሮ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ። እኔን «ነይ ይሄን ነገር ክፈችልኝ» ብላ አልጠራችኝም። ስልኩ ጮኸ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች፣ በቃ። እዚህ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ያደረሰንን ልጅ ሰው ሁሉ እያየ ላመስግነው ብዬ ነው የምጽፈው።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ሰው ሲበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» ነው ያለኝ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። የቤት ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ካሜራ ይገጥማል፣ ሞደም ያስተካክላል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሱን ፈቅዶልኛል።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበረች። ስልክ ማለት ለሷ ጆሮ ላይ የሚደገፍ፣ ቁልፍ ያለው ነገር ነው። ስማርት ስልክ ገዝተንላት አልሆነም። ጣቷ ደርቋል መሰለኝ ስክሪኑ አይሰማትም። ሲሰማት ደግሞ ቀዩን ነው የሚሰማት። እህቴ ከወዲያ «እማዬ! እማዬ!» ስትል እማዬ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ስንቱን ቀን በሳቅ፣ ስንቱን ቀን በለቅሶ አለፍነው።

ከዚያ እህቴ አንድ ሐሳብ መጣላት። የባሏ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በዋይፋይ የሚሠራ፣ ቁልፍ ያለው ገመድ አልባ ስልክ ተገኘ። አሮጌ ነው፣ ግን ንጹሕ። ሰው ይዞልን መጣ። ዋይፋዩን አገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ሱቅ ወሰድኩት፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። «ሶፍትዌሩ አርጅቷል፣ እናድሰዋለን» ብለው ቀብድ ተቀበሉ። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ። አሥረኛው ቀን ላይ ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ። ቀብዱ እዚያው ቀረ።

ጎረቤቴ ናት ወደዚህ ልጅ የላከችኝ። ስልኩን ገለበጠው፣ ከባትሪው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበ፣ ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ይሄ ስልክ የሚያውቀው ስካይፕን ብቻ ነው። ስካይፕ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ተዘግቷል።»

«የአርበኞች ቀን ዕለት?»

«አዎ። አምስት ሳንቲም እንዳታወጪበት።»

አስቡት። መደርደሪያው ላይ ሁለት አዲስ ገመድ አልባ ስልክ ተደርድሯል። ቦርሳዬ ክፍት ነው። ያኔውኑ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ እኔም ገዝቼ እሄድ ነበር። እሱ ግን «መጀመሪያ ቤቱን ልየው» አለኝ።

በማግስቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «እንዴት ዋሉ እማማ» ብሎ እማዬን ሳመ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀን። ሞደሙ የት ነው? እማማ የት ነው የሚቀመጡት? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ስለ ስልክ ገና አንድ ቃል አልወጣውም።

ሞደማችን ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር። እንዳያስጠላ ብዬ ነው የደበቅኩት። የከዚራን ቤቶች ታውቃላችሁ፣ ግድግዳቸው የምሽግ ነው። ልጁ ሞባይሉን ይዞ ከሳሎን እስከ ጓሮ ቀስ እያለ ሄደ። ስክሪኑ ላይ የዋይፋዩ ጉልበት በቁጥር ይታያል። ሳሎን ሲቀነስ 48። ኮሪደሩ ሲቀነስ 66። ኒሙ ሥር ሲቀነስ 81። ከሲቀነስ በኋላ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ነው የሚሻለው። «ለድምፅ ከሲቀነስ 67 እንዲብስ አልፈልግም» አለ። «ቪዲዮ ትንሽ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ወሬ አይጠብቅም።»

ሞደሙን ከቡፌው አውጥቶ በጓሮው በር በኩል፣ ኮሪደሩ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ጓሮው ሲቀነስ 63 ሆነ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የተገዛው አንድ ገመድና አራት ሚስማር ነው። የገረመኝ ነገር፣ ቀድሞ የሸጠልኝ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ጓሮ አይሠራም ነበር፣ እኔም «ስልኩ ጥሩ አይደለም» ብዬ እኖር ነበር።

ከዚያ ነው ስለ ስልክ ያወራነው፣ እማዬ ሆጃ አቅርባለት። ገመድ አልባው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዴክት የሚባለው ነው። የራሱ ማዕከል አለው፣ ማዕከሉ በገመድ ከሞደሙ ጋር ይገናኛል፣ እጀታው የሚያወራው ከማዕከሉ ጋር ነው። ከዋይፋይ ጋር አይጋፋም፣ ባትሪውም ረጅም ይቆያል። ሰፊ ግቢ ወይም ቢሮ ላለው ሰው እሱ ይሻላል አለን። ሁለተኛው በቀጥታ ዋይፋዩ ላይ የሚወጣው ነው። ማዕከል አይፈልግም፣ ባትሪ ግን ይበላል፣ በየማታው መቀመጫው ላይ መመለስ አለበት።

እህቴ ከካናዳ ልላክ ስላለች ምርጫው እዚያው አለቀ። የአሜሪካና የካናዳ ዴክት የሚሠራበት ሞገድ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው። የአውሮፓው ከ1880 እስከ 1900። እዚያ የተገዛው እዚህ ቢበራ ለሞባይል ኔትወርክ በተተወ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። ከአሜሪካ ዴክት ስልክ ለማስመጣት ያሰባችሁ ይቺን ያዙ። ዋይፋይ ግን በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ያው ነው።

ለእህቴ በድምፅ መልእክት የላከላት ትእዛዝ አጭር ነበር። ሲፕ የሚባለውን፣ የኢንተርኔት ስልኮች የሚግባቡበትን የጋራ ቋንቋ የሚችል ይሁን፣ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የታሰረ አይሁን። ያ የስካይፕ ስልክ ያስተማረን ይሄን ነው። ጂ 722 የሚባለውን የድምፅ ዓይነት ይያዝ። የተለመደው የስልክ ድምፅ ከ3.4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ጂ 722 እስከ 7 ይሄዳል። ጆሮው ለከበደ ሰው «ሰ» እና «ፈ» የሚለዩት እዚያ ላይ ነው። ቁልፉ ትልቅ ይሁን። ይኸው ነው።

እህቴ ቤቷ በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ መስመር አላት። እማዬን እንደ ሁለተኛ ቁጥር ጨመረቻት። በአንድ መስመር ውስጥ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲደዋወሉ የሚከፈል የለም፣ ኢንተርኔቱ ብቻ። እሱም በሰዓት ወደ 80 ሜጋባይት ነው። ልጁ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ይሄ ለቤተሰብ ጨዋታ ነው። ከውጭ የሚገባ ጥሪ ተቀብሎ በሀገር ውስጥ መስመር ለሌላ ሰው ማሳለፍ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። «ሰው ለምኖ እንዳያስገባሽ» አለኝ።

ስልኩ መጣ። ገጠምነው። እህቴ ደወለች። እማዬ አነሳች። «ሀሎ የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ...» ተቆረጠ። ደግማ ደወለች። ተቆረጠ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። እኔ ኔቱን ረገምኩ፣ እህቴ ስልኩን ረገመች። እማዬ «ድሮም ነግሬያችሁ ነበር» አለች፣ ምን እንደነገረችን ባላስታውስም።

ለልጁ ደወልኩለት። «ስንት ሰዓት ነው የምትደውለው?» አለ። ማታ 2 ሰዓት፣ እሷ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ ምሳ ላይ። ማታ በባጃጅ መጣ። ምንም አልነካም። ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አውሯቸው» አለን። እማዬ አወራች፣ ተቆረጠ። «32» አለ። ደግመን አወራን። «32።» ሦስተኛውንም «32» ሲል እማዬ «አቦ፣ ሎተሪ ነው እንዴ የምታወጣው?» አለችው።

«ኔት አይደለም» አለ። «ኔት ቢሆን አንዴ በ10 ሰከንድ፣ አንዴ በ5 ደቂቃ ነበር የሚቆረጠው። በሰዓት የሚሠራ ነገር ካለ ሰው ያዘዘው ነው።»

ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። ስልክ ሲነሳ፣ ያነሳው ስልክ «አንስቻለሁ» ይላል፣ ከደዋዩ ደግሞ «ሰምቻለሁ» የሚል ማረጋገጫ መመለስ አለበት። ማረጋገጫው ካልመጣ 32 ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋዋል። የእኛ ማረጋገጫ መንገድ ላይ ይጠፋል። የሚያጠፋው ሞደሙ ውስጥ ያለ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ነገር ነው። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የመልእክቱን አድራሻ ከፍቶ ያስተካክላል። አንዳንዴ ግን ያበላሸዋል። «ሳይጠራ የገባ ደላላ በይው» አለኝ። ቀፊራ ገበያ ለሄደ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሞደሙ ውስጥ ገባ፣ አጠፋው፣ ሞደሙን አጥፍቶ አበራው። እህቴ ደወለች። 31፣ 32፣ 33... ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ሰዓቱን እናያለን። እማዬ ብቻ ናት የምታወራው።

ሞደማችሁ ላይ ይሄ ማጥፊያ ካልተገኘ፣ ስልኩም የእህቴ ዓይነት መስመርም ከቻሉ፣ ቲኤልኤስ በሚባለው አድርጉት ብሏል። መልእክቱ ታሽጎ ስለሚሄድ ደላላው ከፍቶ ማንበብ አይችልም።

ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ። ስልኩ አዲሱን የዋይፋይ ቁልፍ ዓይነት ስለማያውቅ ሞደሙን ደብልዩፒኤ 2 በሚባለው በቀድሞው ዓይነት ላይ አደረገው። ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ቀየረ። ለሞደሙ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለት መጠባበቂያ ባትሪ፣ ገጠመ፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ ቢኖረውም ሞደሙ ከሞተ ምን ዋጋ አለው። የስልኩን መቀመጫ ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ጥላ ውስጥ አኖረው፤ የድሬ ፀሐይ ባትሪ ያበስላል አለ። የገባውን ሁሉ የካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፎ ሞደሙ ጀርባ ለጠፈው፣ ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ከዜሮ እንዳይጀምር።

ሲጨርስ ለሁለቱ ቀን 600 ብርና የዕቃውን ዋጋ ጠየቀኝ። ያ ስሙን ያልነገርኳችሁ ሱቅ ከዚህ በላይ ቀብድ ነበር የበላው። ነቀፌታም ልጨምር፦ ልጁ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሥራ ላይ ከሆነ ማታ ነው የሚመልሰው። ጻፉለት፣ ይመልሳል።

እኔን የምትፈልጉ ደግሞ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት መክፈት ተከልክሏል። ልጁ ለወሬ ብዙ ኔት እንደማይፈልግ ሁለቴ አስረድቷታል። እማዬ ግን አላመነችውም።