ሾልኮ የወጣ የመኪና ሰነድ፦ በሒሳብ መፈተሽ ወይስ ከመዝገብ ማመሳከር?

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ጓደኛዬ በቴሌግራም የደረሰውን፣ ገና ያልወጣ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሰነድ አሳየኝ። እውነት ነው?

በሒሳብ መፈተሽ፦ ካልኩሌተር ይበቃል። የሱ ወረቀት የሞተሩን ኃይል በሁለት መለኪያ ጽፎታል፦ 150 ኪሎዋት እና 240 የፈረስ ጉልበት። 150 ኪሎዋት ግን ወደ 201 የፈረስ ጉልበት ነው፣ እዚያው ሳቅን። ችግሩ ግን፣ ጎበዝ አጭበርባሪም ሒሳብ ይችላል።

ከመዝገብ ማመሳከር፦ የቻይናው የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር እዚያ ለሽያጭ ፈቃድ የቀረቡ አዳዲስ ሞዴሎችን ፎቶ፣ ልኬትና ክብደት ቀድሞ ይፋ ያደርጋል። ነፃ ነው፣ ግን በቻይንኛ ነው፣ ከትርጉም ጋር ትታገላለህ፤ መኪናው ገና ካልቀረበ ደግሞ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ።

ለቡና ወሬ ሒሳቡ በቂ ነው። ቀብድ ልትከፍል ከሆነ ግን መዝገቡን ሳታይ ብር እንዳታወጣ። የኮምቦልቻን ዳገት የሚወጣው መኪናው እንጂ ፒዲኤፉ አይደለም።