ላምፕስ፦ ውሃን በላፕቶፕ ለማቀዝቀዝ

ላምፕስ የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያስጀመረው፣ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ነገር ይችላል። እኔ ግን የውሃን አመል ለማየት ብቻ ነው የምከፍተው።

አመሉን ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ሌላ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ውሃ ግን 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እፍግታው (በአንድ ይዘት ውስጥ የሚታጨቀው ቁስ መጠን) ጣሪያ ይነካና ከዚያ በታች መልሶ ይሰፋል።

ልቤን የወሰደው ኤምደብሊው (mW) የሚባለው የውሃ ሞዴል ነው፤ ቫሌሪያ ሞሊኔሮና ኤሚሊ ሙር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት። ሃይድሮጅን የለው፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለው! አንድ ሞለኪውል አንድ ነጥብ ነው። ነጥቡ በአራት ጎረቤቶች መከበብ ይወዳል፣ በቃ። በዚህ ብቻ ያ አመል ይመጣል። እያንዳንዱን አቶም ከሚያሰሉት የተለመዱ ሞዴሎች ጋር ሲነጻጸር የስሌቱ ወጪ ከ1 በመቶ በታች ነው። ለእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እንከን አለው። የእፍግታው ጣሪያ የሚመጣው 250 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ ነው፤ ከእውነተኛው 27 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ። ሞለኪውሎቹም ከልክ በላይ ይሯሯጣሉ። ስለ ፍጥነታቸው ለሚያጠና ሰው አልመክረውም።

ሶፍትዌሩ ራሱ ለጀማሪ ትንሽ ያስፈራል፤ ትዕዛዙ በጽሑፍ ፋይል ነው የሚሰጠው። ማኑዋሉ ግን ሰፊ ነው። የኤምደብሊው ፋይል አብሮት ይመጣል። አናቱን አንብቡ፤ የሚፈልገው የመለኪያ ሥርዓት እዚያው ተጽፏል። ግፊቱን አጽንታችሁ ቀስ እያላችሁ አቀዝቅዙ። ውጤቱን በምስል ለማየት ኦቪቶ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ።