የፕሮቲን ናሙና ከጄል በፊት፦ የ-20 ወይስ የ-80 ዲግሪ ፍሪዘር?

የፕሮቲን ናሙና በጄል (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል በመጠናቸው በሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ከመፈተሹ በፊት የሚያስቀምጥበት ፍሪዘር ለመግዛት ያሰበ ላቦራቶሪ ከዋጋና ከስፋት በፊት ማጣራት ያለበት፣ ናሙናው በምን ሁኔታ ላይ እያለ እንደሚቀመጥ ነው። በኤስዲኤስ ባፈር (ፕሮቲንን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል ባለበት የናሙና ማዘጋጃ ፈሳሽ) ተቀላቅሎ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል የሞቀ ናሙና እና ገና ከሴሉ የወጣ ጥሬ ላይሴት (ሴሉ ሲፈርስ የሚገኘው ፈሳሽ) የሚፈልጉት ቅዝቃዜ አንድ አይደለም።

ለሞቀው ናሙና የ-20 ዲግሪ ፍሪዘር ይበቃል፤ ሙቀቱ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ከሥራ ውጭ ስለሚያደርጋቸው ናሙናው ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት ይቆያል። ባፈር ተጨምሮበት ሳይሞቅ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ናሙና ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኤስዲኤስ ፕሮቲኑን ሲዘረጋው አንዳንድ ፕሮቲዬዞች (እነዚያ ቆራጭ ኢንዛይሞች) ራሳቸው ሳይዘረጉ ስለሚቆዩ የተዘረጋውን እንደ ልባቸው ይቆራርጡታል፣ ጄሉም ላይ ከዋናው ባንድ (ፕሮቲኑ ጄሉ ላይ ከሚሠራው መስመር) በታች ደብዛዛ ባንዶች ይታያሉ። ይህን ጉዳት የትኛውም ውድ ፍሪዘር አይመልሰውም።

የ-80 ዲግሪው ገንዘቡን የሚያወጣው ጥሬ ላይሴት ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክ በብዛት ይወስዳል፣ ክፍሉንም ያሞቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጄኔሬተርና የማስጠንቀቂያ ደወል ሳይኖር ግዙት አልልም።

ከ-20 ዲግሪዎቹ መካከል በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው ሞዴል ለቤት ምቹ ነው፤ ለናሙና ግን አይሆንም፣ በረዶውን ለማራገፍ ውስጡን በየጊዜው ስለሚያሞቅ ትንንሾቹ ቱቦዎች ማንም ሳይነካቸው ደጋግመው ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉም። በረዶው በእጅ የሚራገፈው ይሻላል። ናሙናውንም ለአንድ ጄል በሚበቃ መጠን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ያዋጣል።

በባፈሩ ውስጥ ያለውን ዲቲቲ ወይም ቤታ-መርካፕቶኢታኖል (የፕሮቲኑን የሰልፈር ትስስሮች የሚፈቱ ኬሚካሎች) በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ሽታው ቀለል ይላል፤ ሁለቱም ግን በአየር ስለሚዳከሙ ናሙናው ሲወጣ ትኩስ መጨመር ይገባል። ከፍሪዘር የወጣ ቱቦ ውስጥ የሚታየው ነጭ ዝቃጭ አብዛኛውን ጊዜ በቅዝቃዜ የረጋ ኤስዲኤስ ስለሆነ፣ እንደገና አሙቆ መቀላቀል ያሟሟዋል። ላይሴቱ ብዙ ፖታሲየም ካለበት ግን ከኤስዲኤሱ ጋር ተጣምሮ በቀላሉ የማይሟሟ ዝቃጭ ስለሚፈጥር፣ ሴሉን የሚፈታው ባፈር ከመጀመሪያው በሶዲየም ጨው ቢሠራ ይመረጣል።