የታመመ ቦንሳይ፦ አፈሩን መቀየር ወይስ ሳይነኩ ማስታመም?

የቦንሳይ (በትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ የሚያድግ ድንክ ዛፍ) ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር እጃችን ወዲያው ወደ ውሃው ይሄዳል። እባክዎ ትንሽ ይቆዩ። መጀመሪያ ግንዱን በጥፍርዎ በስሱ ፋቅ ያድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ ዛፉ በሕይወት አለ።

ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው፦ ነቅሎ አፈሩን መቀየር ወይም እንዳለ ማስታመም።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታመሙ አደላለሁ። ሥሩ መነካቱ ለጤነኛ ዛፍ እንኳ ከባድ ነው፤ ለደከመ ደግሞ ይብሳል። ችግሩም ብዙ ጊዜ ከውሃና ከብርሃን ነው የሚመጣው። ቀጭን የእንጨት ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት። እርጥብ ሆኖ ከወጣ አያጠጡ። ደረቅ ከሆነ ውሃው ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ያጠጡት። ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ስንቱን ቦንሳይ ጨርሷል! ጥድ ከሆነ ቦታው ደጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሞታል። ፋይከስ (የሾላና የዋርካ ወገን) ግን ብርሃን ያለው መስኮት አጠገብ ይስማማዋል። ማዳበሪያ? አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ።

ሥሩ ከበሰበሰ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ውሃ ካቆረ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ሥሩም ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ከላላ፣ አፈሩን ዛሬውኑ ይቀይሩ። የበሰበሰውን ብቻ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ። ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠራማ አፈር ይትከሉት፤ እንዳይወዛወዝም በሽቦ ከማስቀመጫው ጋር ይሰሩት። ለጥቂት ሳምንታት ኃይለኛ ፀሐይና ነፋስ አያግኘው። ቅርንጫፉን መከርከምም ሲያገግም ይደርሳል።