ስምንት ወር ከልብ ምት መዝጋቢ ሰዓት ጋር

ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ያህል ከአእምሮዬ ተፋቀ። ጓሮ ስቆፍር ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ የማስታውሰው የሆስፒታል አልጋ ላይ መቀመጤን ነው። የመሃሉን ያወቅኩት ከባለቤቴ አፍ ነው። ስሜንም ስሟንም አውቃለሁ፣ በደንብ አወራለሁ። ግን በየሁለት ደቂቃው «እዚህ ማን አመጣኝ?» እላለሁ። ትነግረኛለች፣ «እሺ» እላለሁ፣ ደግሞ እንደ አዲስ እጠይቃለሁ።

ሐኪሞቹ ትራንዚየንት ግሎባል አምኔዥያ አሉት፣ ድንገት መጥቶ የሚያልፍ መርሳት ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ያለን ሰዎች ላይ ይመጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ይለቃል። እነሱን ያሳሰባቸው ግን ስትሮክ ይሆን የሚለው ነበር። ስለዚህ አንጎሌን በምስል አነሱ፣ ልቤንም መረመሩ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ካለ፣ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መምታት ትተው ይርገበገባሉ። እዚያ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። መዛባቱ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል።

የሆስፒታሉ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት በመስመር የሚስለው ምርመራ፣ የሚመዘግበው አሥር ሰከንድ ነው። ለ24 ሰዓት ደረቴ ላይ የታሰረው መሣሪያም ምንም አላገኘም። መጥቶ የሚሄድ መዛባት ግን በዚያች ቀን ላይመጣ ይችላል። ሰዓቱን የገዛሁት ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ መብራት የደሜን ፍሰት እያየ ምቱን ይከታተላል። ኢሲጂ ስፈልግ የጎኑን ቁልፍ በሌላው እጄ ጣት ነክቼ 30 ሰከንድ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ይሳላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከበዱኝ። እጄ ሲቀዘቅዝ ወይም ትንሽ ስንቀሳቀስ «ውጤቱ አልለየም» ይላል። በዚያ ላይ ሱስ ሆነብኝ። በቀን አሥር ጊዜ እለካ ነበር፣ በለካሁ ቁጥር ደግሞ ጭንቀቱ ራሱ ልቤን ያስሮጠው ነበር። ባለቤቴ «ጠዋትና ማታ ብቻ» ብላ ደንብ አወጣች። አዳነችኝ። ባትሪው አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይቆይም። ሌሊት እንዳያመልጠኝ ስል እራት ላይ ነው ቻርጅ የማደርገው።

በአምስተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደረቴ ውስጥ ወፍ የተያዘ ይመስል ተርገበገበ። መብራት ሳላበራ ለካሁ። በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ ወጥ የሚባል ነገር የለውም። ጠዋት ፋይሉን ለልብ ሐኪሜ ላክሁ። መስመሩን በራሷ ዓይን አይታ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን መሆኑን አረጋገጠች። ዛሬ የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ።

ለሚገዛ ሰው አጥብቄ የምነግረው አለኝ። ሰዓቱ ዝም አለ ማለት ልብ ደህና ነው ማለት አይደለም። አጭር መዛባት ያመልጠዋል፤ የልብ ድካምንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምን አያውቅም። አጠገባችሁ ያለ ሰው ድንገት አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ከጠየቀ ሰዓት አትፈልጉ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሐኪሜ መርሳቱና የምቱ መዛባት ላይገናኙ ይችላሉ ትላለች። የዚያን ቀን ጠዋት ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር የሚያሳይ መስመር የለም። ሰዓቱ ገና እጄ ላይ አልነበረም።