በኪዮቶ እናቴን ላስጎበኙልን ሴት፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሁዳዴን ደግሞ በምንም ምክንያት አትፈታም። እኔና ባለቤቴ እሷን ይዘን ጃፓን ለመሄድ ስንነሳ ብዙ ሰው «ይቅርባችሁ» ብሎን ነበር። ሄድን። ደስ ብሏት ተመለሰች። ለዚህ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ኪዮቶን ሁለት ቀን ላስጎበኙን አንዲት ጡረተኛ ጃፓናዊት ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ያደረጉልንን ግን ልናገር፤ ወላጆቹን ይዞ መጓዝ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በየጸደዩ እናቴን ዋሽንግተን ወስደን የቼሪ አበባ እናሳያታለን። ዛፎቹን በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በስጦታ የላከችው ቶኪዮ መሆኗን ስነግራት፣ «ታዲያ እዚያው አገሩ ላይ እንዴት ያምር ይሆን?» አለች። ነገሩ የተጀመረው ከዚያች ቃል ነው። ኪዮቶን የመረጥናት ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ስለነበረች ነው። እናቴ የድሮ ነገር ትወዳለች።

መጀመሪያ አንድ የጉዞ ወኪል ፕሮግራም አወጣልን። በአንድ ቀን ስድስት ቦታ! ለሦስታችንም የሰባት ቀን የባቡር ፓስ እንድንገዛ መከረን። ልንከፍል ስንል ባለቤቴ የጃፓን ብሔራዊ ቱሪዝም ድርጅት ድረ ገጽ ላይ «ጉድዊል ጋይድ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎችን አገኘ። በየከተማው ቡድን አላቸው። ለአገልግሎታቸው አያስከፍሉም። የአስጎብኚውን የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የምሳ ወጪ እናንተ ትችላላችሁ፤ በቃ። ከሁለት ወር በፊት ኢሜይል ጻፍን፤ እኚህ ሴት መለሱልን።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን ማየት እንደምንፈልግ አልነበረም። «እናትዎ ስንት ደረጃ ሳያርፉ መውጣት ይችላሉ? ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሳሉ? የማይበሉት ምንድን ነው?» ነበር ያሉን። እኔ ራሴ አንዱንም አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴን ጠይቄ መለስኩላቸው። ከዚያ ከዝርዝራችን ግማሹን ሰረዙት። ወርቃማው መቅደስ ኪንካኩ-ጂ እንኳን ወጣ። ከተማውን አቋርጦ ሄዶ በሰው ግፊያ መሀል መቆም ለእሷ ድካም ብቻ ነው አሉ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኪዮቶ ስንደርስ ግን ልክ መሆናቸው ገባኝ።

ስለ ፓሱም የነገሩን እሳቸው ናቸው። በኦክቶበር 2023 ዋጋው ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ወጥቷል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ ግን ወደ 28,000 የን ግድም ነው። እኛ ሌላ ከተማ አንሄድም። ስለዚህ ነጠላ ቲኬት ገዛን። ሻንጣችንን ደግሞ ከቶኪዮ ሆቴላችን ወደ ኪዮቶው ሆቴል በታክዩቢን፣ ማለትም ሻንጣ ተቀብሎ በሚያደርስ አገልግሎት፣ እንድንልክ መከሩን። በማግስቱ ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። እኛ ሐበሾች ሻንጣ ላይ እንደማንቀልድ ታውቃላችሁ። በዚያ ባቡር ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመር ከ160 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ አስቀድሞ ቦታ ካልተያዘለት ችግር ነው።

እናቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ትጸልያለች። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ኪዮሚዙ-ደራን ባዶውን እናየዋለን» አሉ። ኪዮሚዙ-ደራ ተራራ ጥግ ላይ ያለ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። መኪና እስከሚደርስበት በታክሲ ወጣን፤ ቀሪውን ዳገት ቀስ እያልን፣ እያረፍን ተራመድን። የታወቀው የእንጨት ሰገነት 13 ሜትር ከፍታ አለው። አሁን ያለው በ1633 የተሠራው ነው፤ ምሰሶዎቹ የተያያዙት ያለ ምስማር ነው። ከሥር አበባው ነጭ ደመና መስሎ ተዘርግቷል። ሰው የለም። እናቴ መከታውን ይዛ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንወርድ ሰው ጢም ብሎ እየወጣ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያሳስባት ነበር። የሌላ እምነት ቤት ውስጥ እንዴት እገባለሁ ትላለች። አፍሬም ቢሆን ነገርኳቸው። ቅር አላላቸውም። ማንም እንድትሰግድ እንደማይጠብቃት፣ እንጨቱንና የአትክልት ቦታውን ብቻ ማየት እንደምትችል በእርጋታ አስረዱን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በፕሮግራሙ ያልነበረ ቦታ ወሰዱን። ኪዮቶ መሀል ከተማ፣ በ1901 ከእንጨት የተሠራ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ! የጃፓን ኦርቶዶክስ ነው፤ መሠረቱ ከሩሲያ የመጣ ስለሆነ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም። ግን በብሥራት ስም የተሰየመ ነው። ቀኑ ደግሞ መጋቢት 29 ነበር፣ የብሥራት ዕለት። እሳቸው የእኛን አቆጣጠር ከየት ያውቁታል? በሩ ዝግ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከአጥሩ ውጭ ተሳለመች፤ እንባዋ መጣ። እሳቸውም ራቅ ብለው ቆመው ጠበቋት።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ይህን በደንብ አንብቡት። ጃፓን ውስጥ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) እና አትክልት ስላያችሁ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ። አብዛኛው ሾርባና ወጥ የሚሠራው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው። ዳሺ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደርቆ ከታጠነ ዓሣ ነው። እናቴ በጾም ዓሣ አትቀምስም። አስጎብኚያችን በጃፓንኛ አንዲት ካርድ በእጃቸው ጻፉላት፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ የዓሣ መረቅም አልበላም፤ ከኮምቡ የባሕር አረም የወጣ መረቅ ይሆነኛል። በሄድንበት ሁሉ ካርዷን እናሳያለን። አስተናጋጆቹ አንብበው የሚሆነውንና የማይሆነውን በግልጽ ይነግሩናል። ሁለት ቦታ «የለንም» ብለውናል፤ ሳናውቅ ከመብላት ያ ይሻላል።

በሁለተኛው ቀን ከኪዮቶ በስተ ምዕራብ ወዳለው አራሺያማ የሚባል ሰፈር ሄድን። እዚያ ቴንሪዩ-ጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግቢ ሺጌትሱ የሚባል ምግብ ቤት አለ። የመነኮሳቱን የጾም ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ ያቀርባል። ሥጋና ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። እናቴ ያለ ሽንኩርት ምን ሊጣፍጥ ነው ብላ ነበር። የነፍስ አባቷ ለጉዞው እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ እንድትጾም ፈቅደውላታል፤ አስጎብኚያችንም ቦታውን የያዙት ልክ በሰባት ሰዓት ነው። ለጉልበቷ መቀመጫም አስቀድመው ጠይቀውላታል። በቀይ ሳህኖች ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ቀረበ። ከሰሊጥ የተሠራችውን ለስላሳ ቶፉ ቀምሳ «ይቺ የሱፍ ፍትፍት እህት ናት» አለች። ምንም ሳታስተርፍ በላች።

በተደረደሩ ቀያይ በሮቹ የታወቀው ፉሺሚ ኢናሪ መቅደስም ሄደናል፤ በሮቹን መጀመሪያ ላይ ብቻ አይተን ተመለስን። ጊዮን በሚባለው የድሮ ሰፈር ውስጥ ደግሞ የግል በሆኑት ጠባብ መንገዶች መግባት እንደሚከለከልና 10,000 የን እንደሚያስቀጣ አስጠነቀቁን። በአውቶቡስ ብዙም አልሄድንም። ከተሳፈራችሁ ግን በኋላ በር ገብታችሁ ስትወርዱ ነው የምትከፍሉት፤ ከተማው ውስጥ 230 የን ነው።

ስንለያይ ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ልሰጣቸው ሞከርኩ። አልተቀበሉም። እናቴ ግን ቆልታ ያመጣችውን ቡና ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እናቴ «እዩ፣ እንደኛ ናቸው!» ብላ አቅፋ ሳመቻቸው።

እንዲህ ያለ አስጎብኚ ለምትፈልጉ፦ ቀደም ብላችሁ ጻፉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በአበባው ሰሞን፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ስለምትወስዱት ሰው ጤናና ምግብ ምንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። የጾሟን ካርድ ፎቶ አንስቻታለሁ። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እልክለታለሁ።